በቃሉ ወረዳ ያለ የጎርፍ መከላከያ የአፈር ግድብ፦ ከክረምቱ በፊት ምኑን እንመርምር?

ጥያቄ፦ የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ (ከኮምቦልቻ አካባቢ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምጽፈው ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በቃሉ ወረዳ ከሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። ከመንደራችን በላይ፣ ከተራራው የሚወርደው ደረቅ ወንዝ ሸለቆውን ጨርሶ ወደ ሜዳው በሚወጣበት ጠባብ ቦታ ላይ አንድ የአፈር ግድብ አለ። የተሠራው ለመስኖ ሳይሆን ጎርፍ ለመያዝ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ደራሽ ውሃ ሲመጣ ግድቡ ይይዘውና ከሥሩ በተቀበረው፣ መዝጊያ በሌለው የኮንክሪት ቱቦ በኩል ቀስ እያለ ወደ ቦርከና ወንዝ ይለቀዋል። በበጋ ባዶውን ስለሚከርም ከብት ይሰማራበታል፤ በአናቱ ላይም ሰው፣ ጋሪና አልፎ አልፎ ባጃጅ ያልፋል። ቁመቱ በግምት 9 ሜትር ይሆናል። ከበታቹ ቤቶች፣ የጤፍና የማሽላ ማሳዎች እንዲሁም ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ አሉ።

ያሳሰቡን ነገሮች እነዚህ ናቸው። ባለፈው ክረምት ግድቡ ከግማሽ በላይ ሲሞላ በውጪው ጎን፣ ከግድቡ እግር አጠገብ መሬቱ ረግረግ ሆኖ ውሃ ማመንጨት ጀመረ። አንዳንድ ጎረቤቶቻችን የሚፈልቅበትን ቦታ በሸክላ አፈርና በድንጋይ ደፈኑት፤ ውሃው ግን ጥቂት እርምጃ ወርዶ በሌላ ቦታ ወጣ። በበጋው ደግሞ አናቱ ላይ ስንጥቆች ታይተዋል። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ብናመለክት ግድቡ ለኅብረተሰቡ የተረከበ ነው የሚል መልስ ተሰጠን፤ ተረከባችሁ የተባልነው እኛ ግን ንድፉንም ሆነ የርክክብ ሰነዱን አይተነው አናውቅም። በዚህ ላይ የመንደሩ ወጣቶች ቱቦውን ዘግተን ውሃውን ለበጋ እናቆየው የሚል ሐሳብ አንሥተዋል።

ጥያቄዬ ግድቡ አደገኛ መሆኑንና አለመሆኑን ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ እኛ በዓይናችን በምን ልንለይ እንችላለን፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊትስ በራሳችን አቅም ምን ማድረግ ይገባናል የሚል ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው የውሃ መሐንዲስ (ደሴ)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በጥንቃቄ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ። ግድቡን ሳላይ ደህና ነው ወይም አይደለም ብዬ የምፈርድ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን የት የት እንደሚታይ መናገር ይቻላል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ። ዓመቱን ሙሉ ውሃ የሚይዝ ግድብ ድክመቱን ቀስ በቀስ ያሳያል፤ ተመልካችም አያጣም። ባዶውን የሚከርም የጎርፍ ግድብ ግን ለዓመታት ሳይፈተን ይቆይና አንድ ቀን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እስከ አናቱ ይሞላል። አፈሩ በፀሐይ ደርቆና ተሰንጥቆ፣ ፍልፈልና ጃርት ሰርስረውት፣ ምስጥ ቤት ሠርቶበት ሳለ የሚመጣው ያ ሙሊት ከመጀመሪያው ሙሊት ብዙም የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በሊቢያ ደርና ከተማ በላይ የፈረሱት ሁለት ግድቦች በ1970ዎቹ የተሠሩ የጎርፍ መከላከያ ግድቦች ነበሩ፤ ከባዱ ዝናብ በአንድ ሌሊት ሞልቶ አፈረሳቸው፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰውም አለቀ። የእናንተ ግድብ በመጠን ከእነዚያ ጋር አይነጻጸርም፤ ሆኖም ከበታቹ ሰው እስካለ ድረስ ትንሽ ግድብ ነው ተብሎ አይታለፍም። በኬንያ ሶላይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 የፈረሰው የእርሻ ግድብ ከ40 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

አሁን ወደ ግድባችሁ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚፈራው የሚፈልቀውን ውሃ ነው፤ እኔ ግን ፍተሻውን ከአናቱ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። የአፈር ግድቦችን በብዛት ከሚያፈርሱት ሁለት ምክንያቶች አንዱ ውሃው በአናት ላይ ሞልቶ መፍሰሱ ሲሆን፣ ሌላው በግድቡ ወይም በመሠረቱ ውስጥ የሚሰርገው ውሃ አፈሩን ከውስጥ እየሸረሸረ መውሰዱ ነው። ውሃ በአናት ላይ የሚፈሰው በግድቡ ርዝመት ሁሉ እኩል ሆኖ አይደለም፤ ዝቅ ያለችውን አንዲት ቦታ ይፈልግና በዚያች በኩል ብቻ ይወርዳል፣ ወዲያውም ይቦረቡራታል። ጋሪና ባጃጅ ያልፍበታል ስላሉ ዝቅ ያለ ቦታ መኖሩ አይቀርም። ይህን ለማወቅ የቅየሳ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም፤ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ብርሃን አስተላላፊ የውሃ ልክ ቱቦ ይዛችሁ ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላው በየ10 ሜትሩ ለኩና በደብተር ጻፉት።

ቀጥሎ የጎርፍ ማስተንፈሻውን ተመልከቱ። በግድቡ አንደኛው ትከሻ በኩል ከአናቱ ዝቅ ብሎ የተቆፈረ ወይም በድንጋይ የተነጠፈ ሰፊ ቦይ መኖር አለበት። ግድቡ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ጎርፍ ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ያየሁት ችግር አንድ ዓይነት ነው፤ ሰው ቦዩን ያርሰዋል፣ አጥር ያጥርበታል፣ ወይም ውሃ ለማስቀረት የድንጋይ ካብ ይክብበታል። በማስተንፈሻው ላይ ግማሽ ሜትር የካበ ሰው ግድቡን በግማሽ ሜትር ያሳጠረ ያህል ነው። የቱቦውንም አፍ እዩት፤ የግራር ቅርንጫፍ፣ የማሽላ አገዳና ፌስታል ተጠቅልሎ ከዘጋው ግድቡ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይሞላል።

ወደሚፈልቀው ውሃ ስንመጣ፣ ውሃ መውጣቱ ብቻውን የአደጋ ምልክት አይደለም፤ የማይሰርግበት የአፈር ግድብ የለምና። መታየት ያለበት መጠኑና ንጽሕናው ነው። ግድቡ ውሃ ሲይዝ ከሚፈልቀው ጥርት ባለ የመስታወት ጠርሙስ ቅዱና ስማችሁንና ቀኑን ጽፋችሁ እስከ ማግስቱ አስቀምጡት፤ ከሥሩ ደለል ከዘቀጠ ውሃው የግድቡን አፈር ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው። መጠኑን ደግሞ ፈሳሹን በትንሽ ቦይ ሰብስባችሁ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልክ ሰዓት ለኩ፤ በዚያው ሰዓት በግድቡ ውስጥ ያለው ውሃ ቁመት ስንት እንደሆነም አብራችሁ መዝግቡ። የውሃው ቁመት ሳይጨምር የሚፈልቀው ከጨመረ፣ ወይም ጥርት ያለው በድንገት ከደፈረሰ፣ ያን ጊዜ ጉዳዩ የቀናት ሳይሆን የሰዓታት ነው። በአሜሪካ አይዳሆ የነበረው የቲተን ግድብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1976 የፈረሰው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ በመሞላት ላይ ሳለ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ የደፈረሰ ውሃ ሲፈልቅ ታየ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው 93 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ ተደረመሰ።

ጎረቤቶቻችሁ ያደረጉትን በተመለከተ፣ የሚፈልቅን ውሃ በሸክላ መድፈን ፈጽሞ አይገባም። መውጫ ያጣ ውሃ በግድቡ ውስጥ ግፊቱን ጨምሮ ሌላ መውጫ ይከፍታል፤ እናንተም ይህንኑ አይታችኋል። መደረግ ያለበት ውሃው እንዲወጣ፣ አፈሩ ግን እንዲቀር ማድረግ ነው። በሚፈልቅበት ቦታ ላይ መጀመሪያ ንጹሕ ሻካራ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ደግሞ ድንጋይ ይደረደራል። ይህ ለጊዜው አፈሩን ይይዘዋል፣ ክብደቱም መሬቱ እንዳይነሣ ይረዳል። አሸዋውና ጠጠሩ ከአሁኑ ተጓጉዞ ከግድቡ አጠገብ ይከመር፤ በነሐሴ ጭቃ ላይ መኪና አይደርስላችሁም።

መልስ፦ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ (ቃሉ)

ጋሼ የተናገሩትን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ከእኔ ሙያ በኩል ያለውን ብቻ ልጨምር።

ግድቡ ሲሠራ የነበረው ጉድጓድ ዛሬ የለም። ከተራራው የሚመጣው ጎርፍ ውሃ ብቻ ሳይሆን አፈር ነው፤ በየክረምቱ የሚተኛው ደለል ጎርፍ የሚያዝበትን ቦታ ስለሚቀማ፣ ድሮ ግማሽ ድረስ ያደርስ የነበረው ዝናብ አሁን ማስተንፈሻውን አልፎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በግድቡ ውስጥ የደለሉን ከፍታ የሚያሳይ ምልክት አኑሩ። ከላይ በተፋሰሱ ውስጥ ያሉት እርከኖችና በቦረቦሮቹ ላይ የተሠሩት ክትሮች ሳይጠገኑ ግድቡን ብቻ መጠገን ድካሙ ብዙ፣ ፍሬው ጥቂት ነው።

ሌላው የዛፍ ጉዳይ ነው። በግድቡ ጎን ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ከሆነ ሥሩ ወደ አፈሩ ይገባል፤ ዛፉ ተቆርጦ ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ ለውሃ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ትልልቅ ዛፎችን ያለ ባለሙያ ምክር ነቅላችሁ ጉድጓዱን ክፍት አትተዉ። ቁጥቋጦውን ግን ከሥሩ መመንጠር የኮሚቴው ሥራ ነው፤ ቁጥቋጦ ባለበት የጃርት ጉድጓድም ሆነ የሚፈልቅ ውሃ አይታይም። ለግድብ ጎን ሰርዶን የሚያህል ልብስ የለም፤ ችግሩ ከብት ካልተከለከለ ሰርዶውም አይተርፍም።

መልስ፦ ገበሬው (ከሐርቡ ወዲህ)

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ስለ ቱቦው የተነሣው ሐሳብ በዝምታ እንዳይታለፍ ፈልጌ ነው። ወጣቶቹ ያሉት እኮ ውኃ የማያነሣ ሐሳብ አይደለም። በነሐሴ በደጃችን እየደነፋ አልፎ የሚሄደውን ውሃ በጥር ከብቶቻችንን ይዘን ሩቅ ድረስ እንፈልገዋለን። ግድቡ ተሠርቶ ቆሟል፣ አፈሩም ጠንክሯል፤ ትንሽ ቢቀርበት ምን ይሆናል? መሐንዲሶች ሁልጊዜ የሚነግሩን የማይደረገውን ነው፤ የሚደረገውንም ቢነግሩን መልካም ነበር።

መልስ፦ ጡረተኛው የውሃ መሐንዲስ (ደሴ)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ወቀሳውንም እቀበላለሁ፣ በሙያችን ያለ ጉድለት ነውና።

ሒሳቡን እንየው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ተራራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድና ሁሉም ቢፈስ 50,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 10 ኩንታል ይመዝናል። የተራቆተ ቁልቁለት ላይ ይህ ውሃ ግድቡ ዘንድ ለመድረስ ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም። የጎርፍ ግድብ ጥቅሙ ባዶነቱ ነው፤ በውስጡ ለበጋ ተብሎ የተቀመጠ ውሃ ሁሉ ለጎርፍ የተተወውን ቦታ ይይዛል። ከዚህም በላይ ሸለቆ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ የላይኛው አንድ ሜትር ከታችኛው አንድ ሜትር እጅግ የበለጠ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ትንሽ የሚመስለው መጠን ከየትኛው ከፍታ ላይ እንደተወሰደ ካልታወቀ ትንሽ ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ምክንያት በአፈሩ ውስጥ ያለው ነው። ለጥቂት ቀናት ውሃ እንዲይዝ የተነደፈ ግድብ ለወራት ቢይዝ ውሃው እስከ ውጪው ጎን ድረስ ሰርጎ አፈሩን ያርሰዋል። በውስጡ የማጣሪያ አሸዋና የውሃ ማንጠፍጠፊያ ድንጋይ ንጣፍ መኖሩን የሚናገር ንድፍ በእጃችሁ የለም፤ በግማሽ ሙሊት የረገረገ ግድብ ደግሞ ይህን ፈተና ይችላል ብዬ ለመናገር ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ክረምቱ ከወጣ በኋላ እንዝጋው የሚል ሐሳብ ቢመጣም፣ በወሎ በልግ አለ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የሚወርደው ዝናብ የተዘጋ ቱቦ ላይ ሊደርስ ይችላል።

የሚደረገው ምንድን ነው ላሉኝ፦ ከግድቡ በታች፣ ከቱቦው የሚወጣውን ውሃ በቦይ ጠልፎ ወደ ጎን በተቆፈረና ከወንዙ መስመር በራቀ ኩሬ ማቆር ይቻላል። ኩሬው ቢፈስ የሚያጠፋው ማሳ ነው፤ ቱቦው ተዘግቶ ግድቡ ቢፈርስ ግን የሚያጠፋው መንደር ነው። ወጣቶቹ ጉልበታቸውን በዚያ ላይ ቢያውሉት እኔም ቦታውን ለመቀየስ መጥቼ ብረዳ ደስ ይለኛል።

ጠያቂው፦ የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በምክራችሁ መሠረት ከኮሚቴው አባላትና ከሁለት ግንበኞች ጋር ግድቡን ዳር እስከ ዳር አየነው።

አናቱ ጋሪ በሚሻገርበት በኩል ከሌላው ቦታ ከአንድ ክንድ ባላነሰ ዝቅ ብሎ አገኘነው፤ በዓይን ሲታይ ግን ደልዳላ ይመስል ነበር። በማስተንፈሻው ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለ። ማን እንደካበው ብንጠይቅ ሁሉም ሌላውን ጠቆመ፤ እኛም ክርክሩን ትተን ካቡን አፈረስነው። የቱቦው አፍ በግማሽ ተደፍኖ ነበር፣ ተጠርጓል። ባሕር ዛፎቹ አምስት ናቸው፤ አልነካናቸውም።

አሁን ያስጨነቀን ስንጥቁ ነው። አብዛኞቹ በግድቡ ርዝመት የሚሄዱ ስስ ስንጥቆች ሲሆኑ፣ በግራው ትከሻ በኩል ግን ግድቡን ከውስጥ ወደ ውጪ የሚያቋርጥ አንድ ስንጥቅ አለ። የእጄ መዳፍ በጎኑ ይገባበታል፤ ሽቦ ብንሰድ ከአንድ ሜትር በላይ ወረደ። የመረሬ (ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር) ነገር ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ይገጥማል ያሉ አሉ። በውሃና በሸክላ እንሙላው ወይስ እንተወው? ዝቅ ያለውንስ ቦታ አፈር ብናለብሰው ይበቃል?

መልስ፦ ጡረተኛው የውሃ መሐንዲስ (ደሴ)

መልካም ሥራ ሠርታችኋል። ካቡን ማፍረሳችሁ ብቻውን ለዚህ ክረምት ትልቅ ነገር ነው።

ስንጥቁን በውሃ አትሙሉት። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ከላይ ሲታይም የገጠመ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ክፍተቱ ሊቀር ይችላል። ግድቡን የሚያቋርጥ ስንጥቅ በርዝመቱ ከሚሄደው ይልቅ የሚያሠጋው ከውሃው ወደ ውጪ ቀጥታ መንገድ ስለሚሆን ነው፤ ትከሻው አካባቢ መገኘቱም የግድቡ አፈር ከተራራው አፈር ተለይቶ መስጠሙን ሊያመለክት ይችላል። አካባቢያችን በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ መሆኑም አይረሳ፤ በ1953 ዓ.ም. መጀቴን ያፈረሰው የካራቆሬ ርዕደ መሬት ከእኛ ሩቅ አልነበረም። መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር፣ ትንሽም ቢሆን፣ በማግስቱ ግድቡን መዞር ልማድ ይሁን።

ለአሁኑ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ ችካል ምቱና ቀን ጻፉበት፤ ስፋቱን በሁለት በታወቁ ቦታዎች እየለካችሁ መዝግቡ። ዝናብ እንዳይገባበት በሸራ ወይም በወፍራም ላስቲክ ሸፍኑት። ትክክለኛው ጥገና ስንጥቁን ተከትሎ ከጥልቀቱ በታች ድረስ ቆፍሮ፣ ጎኖቹን አጋድሞ፣ ተስማሚና በልክ የረጠበ አፈር በስስ ድርብ እየደረቡ መጠቅጠቅ ነው። ይህ ግን የግድቡን አናት መክፈት ስለሆነ ባለሙያ በቦታው ሳይኖርና ክረምቱ ደጅ ላይ ሳለ አይጀመርም።

ዝቅ ያለውን ቦታ ግን እናንተም ልትሞሉት ትችላላችሁ። ሣሩንና ልል አፈሩን ጠርጋችሁ የታችኛውን ጫጭሩት፣ ውሃ አርከፍክፉበት፣ ከዚያ ከመረሬ ሌላ የሆነ አፈር ከአንድ ስንዝር በማይበልጥ ድርብ እየሞላችሁ በከባድ መጠቅጠቂያ ምቱት። ደረቅ አፈር ከምሮ መሄድ ዋጋ የለውም፤ የመጀመሪያው ጎርፍ ይወስደዋል። የጋሪውንም መንገድ ከአናቱ ላይ አንሡት።

መልስ፦ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ (ቃሉ)

ስለ ማስጠንቀቂያውም ከአሁኑ ተነጋገሩ። የቅሬው (የእድሩ) ጥሩምባ በአካባቢያችን ከስልክ ይልቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ለግድቡ የሚነፋው ለለቅሶ ከሚነፋው በድምፁ ይለይ፣ በሌሊትም ቢሆን የሚነፋው ማን እንደሆነ፣ ፈቃድ ሳይጠብቅ እንዲነፋም ሥልጣን እንዳለው በቅሬው ስብሰባ ይወሰን። ሰው የሚሸሽበት መንገድ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ወደ ከፍታው ይሁን፤ አቅመ ደካሞችን ማን እንደሚደግፍ በስም ይመደብ።

ለመሥሪያ ቤቱ የምትጽፉት ደብዳቤ ደግሞ ግድቡ ያሰጋናል የሚል ብቻ አይሁን። በውሃ ልክ የለካችሁትን ሰንጠረዥ፣ የስንጥቁን ስፋትና ጥልቀት፣ ባለፈው ክረምት ውሃ የፈለቀበትን ቦታና ከበታች ያሉትን ቤቶች ቁጥር አያይዙ፤ ፎቶግራፎቹም መጠኑ እንዲታወቅ አጠገባቸው ሜትር ተዘርግቶ ይነሡ። በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሲቪል ምህንድስና መምህራን ስላሉ ለእነሱም በግልባጭ ብታሳውቁ መልካም ነው። ደብዳቤውን በእጅ ሰጥታችሁ አትመለሱ፤ በመዝገብ ቤት አስገብታችሁ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ በእናንተ ቅጂ ላይ እንዲሰፍር አድርጉ።